ሙጫ የማይቀበል ፕላስቲክ

ጥቅምት 2፣ ማክሰኞ። ከቀኑ 8፡00

ለሦስተኛ ጊዜ ለቀቀ። በሞርሳ ተነክሶ አድሮ፣ ፈትቼ በጣቴ ገፋ ሳደርገው ቋ ብሎ ተከፈተ። ሙጫው ከላዩ ላይ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሣ።

ለአንተ ለደብተሩ በሥርዓት ላስፍር። ሙሉ የምትባለው ልጄ የእግር ድጋፍ ነው። በሕፃንነቷ ፖሊዮ የያዘው ግራ እግሯ ያለ እሱ አይቆምም፤ ቁርጭምጭሚቷ ይታጠፋል። ነጭ፣ ወፍራም ፕላስቲክ። ደሴ ተለክቶ የተሠራ። ቅዳሜ ተኩስ ሲከፈት ወደ ቤት ስንሮጥ ደጃፍ ላይ ወደቀች፤ ድጋፉ ተረከዙ ጋ ተሰነጠቀ። ደሴ አይኬድም። መንገዱ ዝግ። መብራት የለም፣ ስልክ የለም። ከውርጌሳ በኩል ከባድ መሣሪያው በየቀኑ እየቀረበ ነው።

ጎረቤታችን ወ/ሮ ዘሐራ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ከነቤተሰቧ ከመርሳ ትወጣለች። በእግር፣ ከግራና ከተማ ወዲያ ገጠር፣ ወንድሟ ዘንድ። አብራችሁን ኑ ብላናለች። እስከ ዓርብ መያዝ አለበት።

ሙጫው መጥፎ አይደለም። የወንድሜ ልጅ ከጅቡቲ ካመጣልኝ፣ በቁርጥራጭ ተገጣጥሞ ከሚሠራ የፕላስቲክ አውቶቡስ ጋር የመጣ ነው። አውቶቡሱን በዚሁ ሙጫ ከሠራሁት ሁለት ዓመት ሆነው። መስታወቱ እንኳ አልተነቃነቀም። ጥፋቱ የአዘገጃጀት ነው። ቅባት ነክቶት ይሆናል።

ጥቅምት 3፣ ረቡዕ። ከጠዋቱ 4፡00

በቤንዚን አጠብኩ። በብርጭቆ ወረቀት አሻከርኩ። አልያዘም። ከጫማ ሰፊው ማስቲሽ ለመንኩ፤ ተላጠ። ሱፐር ግሉ፤ ደርቆ ረገፈ።

ሙሉ ትከሻዬን ይዛ ነው ደጅ የምትወጣው። ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ጥርሷን ትነክሳለች።

9፡00። ወ/ሮ ዘሐራ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ፣ ጋሼ ይኼ እኮ ይሰፋል አለችኝ። የተሰነጠቀ ቅል በጅማት እየሰፋች ግራና ገበያ የምትሸጥ ሴት ናት። አርባ ዓመት ሬዲዮ የጠገንኩት ማንም ሳያስተምረኝ ነው፣ አሁን ከቅል ሰፊ አልማርም አልኳት። አልተቀየመችም።

«ወላሂ፣ የእኔ ቅል ውሃ ይይዛል። የእርስዎ ሙጫ ምን ያዘ?»

ሙሉ ከአልጋዋ ሆና ሳቀች። በሩን ዘጋሁት።

ጥቅምት 4፣ ሐሙስ። ከጠዋቱ 1፡30

ገባኝ። መጀመሪያ ማድረግ የነበረብኝን ዛሬ አደረግሁ። አንድ ጠብታ ከአውቶቡሱ ሆድ ሥር፣ አንድ ጠብታ ከድጋፉ ጠርዝ ላይ። የአውቶቡሱ ለሰለሰ፤ ጥፍሬ ገባበት። በድጋፉ ላይ ጠብታው ቅቤ ላይ እንዳረፈ ውሃ ድብልብል አለ። ጠረግሁት። ምልክት እንኳ የለም።

ይህ ሙጫ ለጥፎ አይደለም የሚይዘው። ሁለቱን ጠርዝ አቅልጦ አንድ ያደርጋል። የማያቀልጠውን አይይዝም። ማጠቤም ማሻከሬም ከንቱ። ፕላስቲክ ሁሉ አንድ ነው ብዬ ይህን ሁሉ ቀን አቃጠልኩ።

4፡00። ቢላዋ በከሰል አግዬ ስንጥቁን አቀለጥኩት። የያዘ መሰለኝ። ሙሉ ረገጠችው። ከጎኑ ተሰነጠቀ። ስንጥቁ አሁን በአንድ ጣት ረዝሟል።

«አባባ፣ እርስዎ አብረዋቸው ይሂዱ። እኔ ቤት እጠብቃለሁ» አለችኝ።

ጮህኩባት። የምትጠብቀው ቤት ምኑ ነው? አራት ግድግዳ። በሩ ክፍት ሆኖ መውጣት ያልቻልንበት።

10፡00። ወ/ሮ ዘሐራ ቤት ሄድኩ። ጓዝ ታስራለች። ድጋፉን ዘረጋሁላት። ቢስሚላህ ብላ ተቀበለችኝ፤ አገላብጣ አየች፤ ይኼን ቅል በእሳት ማን ጠበሰው ብላ ጠየቀች። እኔ አልኩ።

ሚስማር ያግሉ ተባልኩ። አጋልኩ። መጀመሪያ ስንጥቁ የሚያልቅበት ላይ አንድ ክብ ቀዳዳ አስበሳችኝ። ስንጥቅ ክብ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ ይቆማል። አላውቅም ነበር። ከዚያ ከስንጥቁ ጠርዝ ራቅ እያልኩ ግራና ቀኝ በሳሁ። አንዱን አቅርቤ ስበሳ ተቆጣችኝ። ቀጣዩን ራቅ አድርጌ በሳሁ። ጅማቱን በውሃ አለስልሳ፣ እያመሳቀለች ሰፋችው። እርጥብ ጅማት ሲደርቅ ይሸመቀቃል፤ የሚይዘው ያኔ ነው። ሁለት ቀን ፀሐይ ይፈልጋል። ሳይደርቅ ከተረገጠ ይላላል፣ ዳግም አይጠብቅም።

ሁለት ቀን! ረቡዕ ሰምቻት ቢሆን ለነገ ይደርስ ነበር።

ጥቅምት 5፣ ዓርብ። ከቀኑ 9፡00

ሄዱ። ወ/ሮ ዘሐራ አንድ ቀን እንቆይላቸው ብላ ነበር፤ ባሏ ልጆቹን አሳያት። ልክ ነው። እኔም ሂጂ አልኳት። የምንይዘውን የእግር መንገድ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። ዱዓ አደረገችልን። ከሄደች በኋላ ከመንገድ ተመለሰች፤ የረሳችው ዕቃ ያለ መስሎኝ ነበር።

«ጋሼ፣ በአላህ ይዤዎታለሁ። በጣትዎ እየገፉ እንዳይሞክሩት።»

ሰፈሩ ጭር ብሏል። የከባድ መሣሪያው ድምፅ መስኮቱን ያንቀጠቅጣል። ድጋፉን ፀሐይ ላይ፣ ድንጋይ ላይ አስቀምጬ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። ልሞክረው እጄ ሁለቴ ተዘረጋ። መለስኩት።

ለሙሉ፣ የቀረነው በእኔ እልኸኝነት ነው አልኳት። አውቃለሁ አለች። ቀጥላ፣ መንገድ ላይ ቶሎ በይ እንዳይሉኝ አለች። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ ዞር ስል ስንቅ እየቋጠረች ነው።

ጥቅምት 6፣ ቅዳሜ። ከቀኑ 10፡30

ደርቋል። ጅማቱ እንደ ሽቦ ከርሯል። አጠለቀችው። ከበር እስከ አጥር፣ ከአጥር እስከ በር። ሦስት ጊዜ። እጄን ዘርግቼ ነበር፤ አልያዘችኝም። ስፌቱ አልተነቃነቀም።

ወሰንኩ። ነገ ሲነጋ እንወጣለን። ፊት የምትሄደው እሷ ናት። ይቁሙ ስትለኝ እቆማለሁ። ለምን ብዬ አልጠይቅም።