የከድጃ ቂጣና የግራ ዓይኔ

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 4

ቂጣ የበሉ ሦስት ሰዎች አብደው መጡ። አብደው ስል ቀልዴን አይደለም። አንዱ ከአየር ላይ የሌለ ክር ይለቅማል። ሁለተኛው ከሞተ ወንድሙ ጋር ስለ በሬ ይከራከራል። ሦስተኛው፣ ይመር የሚባለው አርበኛ፣ ገላው ይፋጃል፤ ቢጠሩት አይሰማም።

ከሮቃው ዛፍ ጥላ ሥር ለአራቱ ተማሪዎቼ እባብ የነደፈውን ሰው እንዴት እንደሚያነሱት እያሳየሁ ነበር። እኔ ድሬሰር፣ የሐኪም ረዳት ነኝ። ጣሊያን የምሠራበትን ሐኪም ቤት ሲወስደው ወደ ቆላ ወረድኩ፤ እዚህ ሐኪም ይሉኛል። አርበኞቹ ቁስለኛና ሕመምተኛ የሚያነሳ ሰው አስተምርልን ብለውኛል። እንግዲህ ትምህርቱ በእግሩ መጣ።

ሁለቱን በጨው ውሃ አስመለስናቸው፣ ከሰል ወቅጠን በውሃ አጠጣናቸው። ይመርን አላስመለስኩትም፤ ራሱን ያላወቀ ሰው ሲያስመልስ ትን ብሎት ይሞታል። እርጥብ ጋቢ ጣልንበት።

የአርበኞቹ አለቃ ባላምባራስ "ምን ነካቸው?" ሲሉኝ፣ ተማሪዎቼ እያዩኝ አላውቅም ማለት አፈርኩ። "የጣሊያን መርዝ ነው" አልኩ።

ማክሰኞ

ምላሴን በቆረጠው። ቂጣውን የሸጡት እትዬ ከድጃ ናቸው፤ ጀውሃ ገበያ የሚመላለሱ ባልቴት። ጣሊያን ገዝቷት መርዝ ጨመረችበት ተባለ። ከራሳቸው ቂጣ አንድ ቁራሽ አለመቅመሳቸው ደግሞ አባሰባቸው። ከረመዳን የጎደለብኝን ቀዷ እያወጣሁ፣ ጾም ላይ ነበርኩ ቢሉ ማን ይስማቸው። ታስረዋል። ሐሙስ ይፈረድባቸዋል፤ ባንዳ የተባለ ሰው ፍርዱ ጥይት ነው። ሰው ሁሉ "ሐኪሙ ራሱ ተናግሯል" ይላል።

ዘይነባ፣ ከተማሪዎቼ ታላቋ፣ ጠየቀችኝ። "ጋሼ፣ መርዙን አይተውታል?"

"አላየሁም።"

"ታዲያ በምን አወቁ?"

ተናድጄ ቀኑን ሙሉ አኮረፍኳት። የተናደድኩት ልክ ስለሆነች ነው።

ከሰዓት በኋላ ሕመምተኞቹን እንደ አዲስ አየን። አፍ ደርቋል። ፊት ቀልቷል። ሽንት የለም። የዓይን ብሌን ቦግ ብሎ ተከፍቷል፣ ፀሐይ ላይ እንኳ አይጠብም። ይህን ብሌን የት ነው የማውቀው?

ረቡዕ

ትዝ አለኝ! ሐኪም ቤት፣ ዓይን የሚታይበት ክፍል። ሐኪሙ የዓይንን ውስጥ ለማየት ጠብታ ሲያደርግ ብሌኑ እንዲህ ይከፈት ነበር። ጠብታው ከተክል ነው የሚወጣው ብሎኝ ነበር። ከየትኛው? ያኔ ብጠይቅ ምን ነበረበት።

ዘይነባ ከእትዬ ከድጃ ጆንያ ማሽላ አምጥታ በሰፌድ አንገዋለለች። ከማሽላው መሐል ጠፍጣፋ ጥቁር ፍሬ ወጣ። "ወላሂ፣ ይሄማ አስተናግር ነው፤ የበላውን የሚያሳብደው አረም። ፍየል እንኳ አይነካውም" አለች። ዘንድሮ ጣሊያን ወንዱን ለመንገድ ሥራ ስላፈሰው ማሳው ሳይታረም ከረመ። አጨዳውም በጥድፊያ ሆነ። አረሙ ከማሽላው ጋር አብሮ ተወቃ።

"ሆን ብላ ነው የጨመረችው ቢሉንስ?" አልኳት። ከነጠላዋ ጫፍ ሌላ እፍኝ ፈታች። ያው ጥቁር ፍሬ አለበት።

"ይሄስ ከየት ነው?"

"ከባላምባራስ ጎተራ።"

ማን ፈቀደልሽ አላልኳትም።

ይመር ዛሬ ውሃ ጠየቀ። ስሙንም ያውቃል።

ሐሙስ

ፍሬውን ወቅጬ ዘፈዘፍኩት፣ በጨርቅ አጠለልኩት። ዘይነባ በፍየል እንሞክረው አለች። የፍየል ብሌን አግድም ነው፤ ሰፋ ጠበበ ብሎ ማን ይፈርዳል? ግራ ዓይኔ ላይ አንድ ጠብታ አደረግሁ። አቃጠለኝ።

ሸንጎው ሲቀመጥ ባላምባራስ ፊት ቆምኩ። "ሰኞ የተናገርኩት ሳላይ ነው። ዋሽቻለሁ።" ይህ ከጠብታው የባሰ አቃጠለኝ።

ዘይነባ ስለ ፍሬውና ዓይኔ ላይ ስላደረግሁት ጠብታ ነገረቻቸው። ባላምባራስ አገጬን ይዘው ወደ ፀሐይ አዞሩኝ። ቀኙ ጠበበ። ግራው እንደተከፈተ ቀረ። ደጋግመው አዞሩኝ፣ አንገቴ እስኪዝል።

"ይሄኛው እፍኝ ደግሞ ከእርስዎ ጎተራ ነው" አለች ዘይነባ።

ባላምባራስ መዳፏ ላይ ያለውን በጣታቸው ገለጥ ገለጥ አደረጉ። "የኔ ገና አልተፈጨም" አሉ፣ ለራሳቸው ነው የሚመስለው። ከዚያ "ፍቷቸው" አሉ።

ዓርብ

ግራ ዓይኔ አልተመለሰም። ፊደሉ ይደበዝዝብኛል፤ ጨፍኜው ነው የምጽፈው። ተማሪዎቼ ተራ በተራ ብሌኔን አዩ፤ ሁለቱ ነገ ይጠባል፣ ሁለቱ እንጃ አሉ። ይመር ዛሬ እንደ ልቡ ሸና። ሰው ስለሸና እንዲህ ደስ ይለኛል ብዬ አስቤ አላውቅም። መንደሩ ሁሉ ሰፌድ ይዞ ማሽላ ይለቅማል።

እትዬ ከድጃ ከጁምዓ በኋላ መጡ። ይቅርታ ልላቸው ብድግ አልኩ።

"ቁጭ በል" አሉኝ። ቀኝ ዓይኔን በመዳፋቸው ሸፈኑት። "በዚህኛው እታይሃለሁ?"

"በደንብ አይታዩኝም እትዬ።"

"ሰኞም አላየኸኝም" አሉ።

በጨርቅ የተጠቀለለ ቂጣ አስቀምጠውልኝ ሄዱ። ዘይነባ እንድትፈትሸው ሳልጠራት ቆረስኩት። በላሁት።