ለሹፌሩ የመጣው ክኒን

ለምሳሳልህ ወንድሜ፣ እንደምን ከርመሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

አባዬ ፀጉር ቤቱን ዘግቶ አሁንም ሆስፒታል ነው። ኬሞው ፀጉሩን ስላረገፈው «የሰው ራስ ስላጭ ኖሬ የኔን ያለ ምላጭ ጨረሱልኝ» እያለ ነርሶቹን ያስቃቸዋል።

ከጎኑ ተኝቶ የነበረው ሹፌርም ሕመሙ እንደ አባዬ የሳንባ ካንሰር ነው፤ እሱም ላይ ተሠራጭቷል። ከሁለቱም ናሙና ተወስዶ ሲመረመር ግን ለሹፌሩ በቀን አንዴ የሚዋጥ ክኒን ተገኘለት። እየበረታ መጥቶ ባለፈው ሳምንት በእግሩ ወጣ።

ሐኪሟን «ለአባቴስ?» አልኳት።

«ሁለቱም የሳንባ ቢሆንም የእሳቸው ካንሰር ዓይነቱ ሌላ ነው፤ ክኒኑ አይሠራላቸውም» አለችኝ።

አባዬ ሹፌሩን አቅፎ «እሰይ የኔ ልጅ! ለሁለታችንም ንዳ» ብሎ መረቀው። ሹፌሩ ሲወጣ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ምሳውንም ሳይነካው ዋለ።

ትናንት ሐኪሟ ኬሞውን አቆመችው። ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።

ዓመቱ ሲያልቅ እንደምትመጣ ስነግረው እጄን ያዝ አድርጎ «ይምጣ፣ ይምጣ» አለኝ እንጂ፣ እንደ ወትሮው ለመምጣትህ ስንት ወር እንደቀረ አልጠየቀኝም። ወንድምዓለም፣ ፈቃድህን ቀደም አድርገው አይሰጡህም ይሆን? ናፍቀኸን ነው፤ ሌላ ምንም የለም።

በሰላም ያገናኘን።

ዓይንህን ለማየት የምትጓጓ እህትህ