ከቤተ ሙከራ ተነቅሎ ወጥ ቤት ስለ ገባው ጢስ መሳቢያ

ለክቡር ዶክተር እንዳላማው
የወይራ በር የምርምር ተቋም ዋና ዳይሬክተር
ደብረ ማርቆስ

ክቡርነትዎ ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ሳንባዎ ደኅና ነው? ጉበትዎስ? ይህን የምጠይቅዎ እንዲያው ለወጉ አይደለም፤ በተቋማችን ጤናው የሚታሰብለት ሰው እርስዎ ብቻ ሆነው ስለ ቀሩ፣ የሁላችንንም ድርሻ እግዚአብሔር ለእርስዎ ደርቦ ይስጥልን ማለቴ ነው። እኔ የኬሚስትሪ ክፍሏ ሥራነሽ አካለ ወልድ ነኝ። በውስጥ ማስታወሻ የጻፍሁልዎን ሁሉ በዝምታ በማለፍ በአደባባይ የመጻፍ ድፍረት ስለ ሰጡኝ አስቀድሜ አመሰግናለሁ።

ጉዳዩን ለማያውቅ አንባቢ ልንገር። ባለፈው ወር የቀበርነው ባልደረባዬ አምደሚካኤል የዲማ ልጅ ነበር፤ ቅኔ ተቀኝቶ ወደ ኬሚስትሪ የተሻገረ። ሥራው የፀሐይን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጥ ፕላስቲክ መንደፍ ነበር። መስታወት የለበሰው የፀሐይ ሰሌዳ በበቅሎ ተጭኖ ቁልቁለት ሲወርድ እየተሰበረ ስላስቸገረ፣ እንደ ቀለም ተቀብቶ የሚደርቅ፣ እንደ ጨርቅ ተጠቅልሎ የሚጫን ሰሌዳ ለገጠሩ ጤና ኬላ ማድረስ ነበር ሐሳቡ። ለዚህም ፖሊመር የሚባለውን ረጅም የሞለኪውል ሰንሰለት ይሠራል፤ ኤሌክትሮን የሚሰጠውን ክፍልና የሚቀበለውን ክፍል እያፈራረቀ ያያይዛል። ብርሃን ደኅና አድርጎ የሚጠጣ ሰንሰለት አግኝቶም ነበር። ክፋቱ፣ ሰንሰለቱ ከክሎሮፎርም በቀር በምንም አልሟሟ አለው። ክሎሮፎርም ደግሞ፣ ክቡርነትዎ በትምህርት ዘመንዎ እንዳነበቡት፣ ትነቱ ራስ ያዞራል፤ ውሎ ሲያድር ጉበት ይበላል። ስለዚህ ነበር ቤተ ሙከራው ትነቱን ስቦ ወደ ውጭ የሚያወጣ ጢስ መሳቢያ የተገጠመለት።

አቤቱታዬ እንደሚከተለው ነው።

፩ኛ) ተቋማችን የምሥረታ በዓሉን ሲያከብር፣ ከሠራተኞች ክበብ ወጥ ቤት የሚነሣው የቁሌት ጢስ አዳራሽ ገብቶ እንግዶችን እንዳያስለቅስ አስበው፣ የቤተ ሙከራው መሳቢያ ከነሞተሩ ተነቅሎ ለበዓሉ ብቻ በውሰት ወደ ወጥ ቤቱ እንዲዛወር አዘዙ። ስለ እንግዳ አክባሪነትዎ ጎጃም ሁሉ ይመስክርልዎ። ያ በዓል አለፈ፤ የሚቀጥለውም ዓመት በዓል አለፈ፤ መሳቢያው ግን እስከ ዛሬ ከቁሌቱ ጋር ተስማምቶ ይኖራል። የክበባችን ምስር ወጥ በአገሪቱ ካለው ምስር ወጥ ሁሉ ይልቅ ከክሎሮፎርም ትነት የተጠበቀ ነው፤ በዚህ ማንም አይስተካከለንም።

፪ኛ) መሳቢያው ይመለስልን ብለን ስንማጠን፣ መስኮት ክፈቱ የሚል አባታዊ ምክርዎ በጸሐፊዎ በወይዘሮ ደብሪቱ በኩል ደረሰን። መስኮቱን ግን ሌባ ይገባበታል ብለው በላሜራ ያስበየዱት እርስዎ ራስዎ ነበሩ። እውነትም ሌባ አልገባም። አየርም አልገባም።

፫ኛ) ሁዳዴ ገባ። አምደሚካኤል እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ስለ ነበር፣ ራሱን ይዞ ግድግዳ ተደግፎ ሲቆም ያየው ሁሉ ጾሙ ነው አለ። የበሩ ጥበቃ ጾሙ ነው አለ፤ የንስሐ አባቱ እስኪ ቀለል አድርገው አሉት፤ እናቱ እማሆይ አመተ ማርያም ከዲማ ድረስ ተልባ አስወቅጠው ላኩለት። እርስዎም በስብሰባ መካከል አስነሥተው፣ ወጣት ምሁር እንዲህ በጾም ሲደክም ማየት ለሁላችን አርአያ ነው ብለው አስጨበጨቡለት። ትንሣኤ መጣ፤ ዶሮው ተበላ፤ ማዞሩ ግን አልፈሰከም። እግዚኦ! ጾም ሰው የሚገድል ቢሆን ኖሮ ጎጃም ውስጥ ማን ይተርፍ ነበር?

ዓይኑ ቢጫ ሆኖ ሐኪም ጉበቱ ነው ሲል ደግሞ፣ ጾሙ ነው ያለው አፍ ሁሉ ዞሮ አረቄው ነው አለ። ወሬው ከየትኛው ቢሮ እንደ ወጣ አልናገርም፤ ክቡርነትዎ ቢሮውን በደንብ ያውቁታል። የማኅበር ጠላ እንኳ ከንፈሩን አስነክቶ የሚያሳልፍ ሰው ነበር! እዚህ ላይ ትሕትናዬ ቢጎድል ይቅር ይበሉኝ፤ አንጀቴ እያረረ ነው የምጽፈው። እማሆይ አመተ ማርያም ልጃቸውን ቀብረው በለቅሶ ድንኳን እንደ ተቀመጡ፣ ልጅዎ ይጠጣ ነበር ወይ ተብለው ተጠየቁ።

በመጨረሻው ሰሞን ምን ይሠራ እንደ ነበር ጠይቀውት ስለማያውቁ እኔ ልንገርዎ። ከሰንሰለቱ ጎን እንደ ነጠላ ዘርፍ የሚንጠለጠሉትን ቅርንጫፎች እያስረዘመና እየለዋወጠ፣ ፖሊመሩ ያለ ክሎሮፎርም፣ ጉዳቱ በቀለለ ፈሳሽ እንዲሟሟ ይጥር ነበር። መሳቢያው እንደማይመለስ ስለ ገባው፣ መርዝ የማይፈልግ ፕላስቲክ ሊነድፍ ተነሣ፤ ከእሱ በኋላ የሚመጣው ሰው ደኅና አየር ይተንፍስ ብሎ። ሳይጨርሰው ሞተ።

ስለ ቀብሩ ግን ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ከሁላችን በላይ አልቅሰዋል፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባል የለ። ከአርባው በኋላም ቤተ ሙከራው በስሙ እንዲሰየም፣ ለዕለቱም ድግስ እንዲደገስ መወሰንዎን ሰማን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ምቀኞች አሉ፤ አይስሟቸው። እኔ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መሳቢያው ወደ ቦታው ይመለስ። ትናንት በደረሰኝ ትእዛዝዎ መሠረት፣ ከሰኞ ጀምሮ በዚያ ክፍል ገብታ የአምደሚካኤልን ሥራ የምትቀጥለው እኔ ነኝ።

ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ወንበርዎን ያጽናው፤ ከወጥ ቤቱም መልካም መዓዛ አያጉድልብዎ እያልሁ፣ በተፈቀደልኝ አየር ልክ እየተነፈስሁ እጅ የምነሣ፣

ታዛዥዎ
ሥራነሽ አካለ ወልድ
ነሐሴ ፳፻፮ ዓ.ም.

ማሳሰቢያ፦ ለስያሜው በዓል የሚቀረጸው የእብነ በረድ ጽሑፍ ገና ከጠራቢው እጅ ካልወጣ፣ ከአምደሚካኤል ስም ሥር ለአንድ ስም የሚበቃ ቦታ እንዲተው ቢያዝዙልኝ። ተቋሙን ሌላ እብነ በረድ ከመግዛት ይገላግለዋል።