ሶፋው ላይ ያለው አንገት

የአክስቴ ልጅ፣

ትናንት ኳስ ልታይ ስትል፣ ሶፋው ላይ ባሳረፍኩት የአሮጌ ኤሌክትሪክ ጊታር አንገት ላይ ዘፍ ብለህ ተቀመጥክ። የሰደብኩህን ጎረቤት ሁሉ ስለሰማው አልደግመውም።
እናትህን ያነሳሁት ግን ልክ አልነበረም። ለነገሩ አክስቴ ናት።

ጠዋት ጉብጠቱን ልለካ የብረት ማስመሪያ አስቀመጥኩበት። በሞርሳ ጠርንፌ፣ በካውያ እያሞቅሁ ሦስት ሳምንት እምቢ ያለኝ ጉብጠት ጠፍቷል!
(አዎ፣ የጠፋብህ ካውያ እኔ ጋ ነው።)

አዲሶቹን ፍሬቶች (የአንገቱን ቀጫጭን ሽቦዎች) መትቼበት ለባለቤቱ ላደርስ ወጣሁ። "እጅህ ይባረክ" ካለኝ አሜን እላለሁ። በእጅ እንዳልተሠራ አላስረዳውም።

ድስቱ ውስጥ ያለው ሙጫ ነው፤ እንዳትቀምሰው።

ሌላ የጎበጠ አንገት ሶፋው ላይ ትቻለሁ።
ተቀመጥበት አላልኩህም።
ዛሬም ግን ኳስ አለ።