ይታየሽ የት ትማር?

ሰቆጣ፣ ነሐሴ 10 ቀን 1972 ዓ.ም.

«ልጄን ከለመደችው ትምህርት ቤት ነቅዬ እዚያ ላምጣት ወይስ እዚሁ ትቅር?» ብለሽ ጠየቅሽኝ አይደል? ልጅ ኖሮት ዕቃውን የሚጠቀልል ሰው ሁሉ ይህን ሳይጠይቅ አያድርም። መልሴ ከእጄ ሊያመልጥ እየታገለኝ ነው፤ ግን ሰላምታ ሳላስቀድም ብጀምር እማዬ ሰምታ «ይህን ነው አስተማሪ ያሉት?» ትላለች።

እትዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽ በዚህ ዝናብ ተነሣብሽ ወይስ ዘንድሮ ማረሽ? ፍልሰታስ እንዴት ይዞሻል? ይታየሽ ቁመቷ ከቁም ሣጥኑ እጀታ አለፈ? እኔ ደኅና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም ብዬ እንደ ሰው ሁሉ አልዋሽሽም፤ ሳሙና ጎድሎኛል፣ የሚነበብ መጽሐፍ ጎድሎኛል፣ በጭቃው አንዱ ጫማዬ አፉን ከፍቷል። ጤናዬ ግን ሙሉ ነው፣ ተመስገን።

እንግዲህ መልሴ ይኸውልሽ። ይታየሽን ይዘሽ ነይ። ዕንቁጣጣሽን ደሴ ዋሉና በማግሥቱ ተነሡ።

ይህን እንደምጽፍልሽ ባልሽ ጋሽ ምንዋጋው ያውቃል። ከልክሎኛልም። ሻይ ቤት አስጠርቶኝ «አንተ ትናንት ከማሠልጠኛ የወጣህ ልጅ፣ የሰው ልጅ የት እንደሚማር የምትወስነው አንተ ነህ?» አለኝ። «የሰው ልጅ አይደለችም፣ የእህቴ ልጅ ናት» አልኩት። «እንግዲያው እህትህን አታስቸግራት። ድንጋይ ላይ የሚያስቀምጥ ትምህርት ቤት ልጄን አልሰጥም። ሁለቱም ደሴ ይቆዩ፣ ስምንተኛን ስትጨርስ ያኔ እናያለን» ብሎ ሻዩን ሳይጨርስ ተነሣ። እኔም የእሱን ጨምሬ ጠጥቼ ወጣሁ። ያስቀረው ስኳር ከታች ነበር።

ትምህርት ቤታችንን አሳምሬ አልሸጥልሽም። አንድ መጽሐፍ ለሦስት ልጅ ነው። ቤተ ሙከራ በሚባለው ክፍል ውስጥ አንድ ሚዛንና አንድ የተሰነጠቀ ማጉያ መነጽር አለ፤ ቁልፉ በእኔ እጅ ነው፣ ምን እንደምቆልፍ ግን አላውቅም። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው መምህር ቢጮህ አይሰማም። ያኔ ጠመኔዬን አነሣና ሁላችንም ዝም ብለን በሥዕል እንማራለን። የልብን ክፍሎች ያስተማርኩት በረዶ እየወረደ ነው፤ በፈተና ያን ጥያቄ የሳተ ልጅ የለም።

የድንጋዩም ነገር እውነት ነው። እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ ልጆቻችን የሚቀመጡት ድንጋይ ላይ ነው። ግን ድንጋይ ሁሉ ድንጋይ እንዳይመስልሽ። ልጅ ሲመዘገብ አባቱ ወንዝ ወርዶ ጠፍጣፋ፣ ለልጁ ጉልበት የሚስማማ ድንጋይ ይመርጥለታል። ልጁ ተሸክሞት ይመጣል፣ በክፍሉ ውስጥ ቦታውን ይይዛል፣ አምስተኛ ሲገባ ለታናሹ ያወርሰዋል። በሌላ ልጅ ድንጋይ ላይ መቀመጥ ነውር ነው፤ ያጣላል። ይታየሽ የምትገባበት ስድስተኛ ክፍል ግን አግዳሚ ወንበር አለው። ይህን ጋሽ ምንዋጋው ያውቃል፤ ገብቶ አይቶታል፣ ተቀምጦበታልም። እንዴት ገብቶ እንዳየው ልንገርሽ።

በሚያዝያ፣ በበልጉ ዝናብ፣ አንድ ሰኞ ማለዳ ገና ደወል ሳይደወል የእነሱ መሥሪያ ቤት ላንድሮቨር ከትምህርት ቤታችን በታች ጭቃ ውስጥ ሰጠመች። ጋሽ ምንዋጋውና ሾፌሩ ወረዱ። ሁለተኛ ክፍል በሩ ክፍት ነበር፤ ውስጡ ደግሞ የተደረደረ ድንጋይ! «እሰይ፣ እግዜር አዘጋጀልን» ብለው እያወጡ ከጎማው ሥር ነጠፉት። እኔ ስደርስ መኪናዋ ወጥታ ነበር፤ የድንጋዮቹ ጀርባ ብቻ ነው ከጭቃው በላይ የሚታየው። ልጆቹ በየበሩ ቆመዋል። የሚያለቅሱም ነበሩ።

ደጅይጥኑ የሚባል ገበሬ ልጁን ሊያደርስ መጥቶ ኖሮ ወደ ጋሽ ምንዋጋው ቀረበና ባርኔጣውን አውልቆ፣ በዚያ ረጋ ባለ አማርኛው፣ «ጌታው፣ መኪናዎ ወጣልዎ፤ እሰይ። አሁን ልጄ ቆሞ ይማር?» አለው። ጋሽ ምንዋጋው ሳቀ። «ድንጋይ እኮ ነው! አገሩ ሁሉ ድንጋይ አይደለም እንዴ? ሌላ ያንሡ» አለ። ደጅይጥኑ ባርኔጣውን መልሶ ደፋና «የእርስዎን ወንበር ሰው ከቢሮዎ ቢወስደው፣ አገሩ ሁሉ እንጨት ነው ይላሉ?» አለው። ሾፌሩ ሳይቀር ሳቀ። ዲሬክተራችን ጋሽ ወልደ ጻድቅ ነገሩን ሊያበርድ ባልሽን ስድስተኛ ክፍል አስገብቶ አግዳሚው ላይ አስቀመጠውና ጫማውን አስጠረገለት። ልጆቹ ድንጋያቸውን ከጭቃ እየቆፈሩ ወንዝ ወስደው አጠቡ፤ አንድም ልጅ የራሱን አልሳተም። ትምህርት የጀመርነው ከዕረፍት በኋላ ነው። «ድንጋይ ላይ የሚያስቀምጡ» የሚለው ስድብ እንግዲህ ከዚያ ቀን የመጣ ነው።

መሥሪያ ቤቱ ከላይ በገበያው በኩል ነው። አድርበታለሁ የሚለውም ክፍል እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። መኪናዋ ግን ትመጣ የነበረው ከወንዙ ማዶ ነው። በዚያ ማለዳ ለምን እንደተሻገረ አልጠየቅኩትም። እኔ የምነግርሽ ስለ ድንጋዩ ነው።

አሁን ወደ ደሴው ትምህርት ቤት ልምጣ። አብዮቱ «የሕዝብ» ብሎ ስሙን ቢለውጠውም እናንተ ዛሬም የግል የምትሉት፣ በየወሩ የምትከፍሉበት፣ አጥሩ ላይ ጽጌረዳ ያለው። ክፉ ነው አልልም። መምህራኑ ጨዋ ናቸው፣ ቤተ መጻሕፍቱን ሳይ እኔው ቀንቻለሁ። ግን በፋሲካ መጥቼ ይታየሽን «ቅጠል ምግቡን እንዴት ያዘጋጃል?» ብላት በእንግሊዝኛ ትንፋሽ ሳትወስድ አወረደችው። አጨበጨብንላት፤ አንቺም በኩራት ዓይንሽ እንባ አቀረረ። ቀጠልኩና «ታዲያ ከደጃችሁ ያለው ባሕር ዛፍ ሲጨልም ምን ይበላል?» ስላት ግራ ገብቷት አየችኝና «እሱ አልተሰጠንም» አለችኝ። ያቺ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም። ልጅቷ ጥያቄም የሚታደል ይመስላታል።

እዚህ ሥራችን ሌላ ነው። ግማሾቹ ልጆች ቤታቸው የሚነጋገሩት በኽምጣኛ ነው። መጀመሪያ እንደመጣሁ በአማርኛ አስረድቼ «ገባችሁ?» ስል «አዎ!» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ጎበዝ መምህር የሆንኩ መስሎኝ ደረቴን ነፍቼ እሄድ ነበር። ለካስ «አዎ» የሚሉት እንዳልከፋ ነው! አሁን መንገዱን ለውጫለሁ። ቀድሞ የገባው ልጅ ይነሣና ለጓደኞቹ በኽምጣኛ ያስረዳል፤ ከዚያ ያልገባው የነበረው ተነሥቶ ለእኔ በአማርኛ ይመልስልኛል። ሰው ያልገባውን ነገር ማስረዳት አይችልም፤ እዚያ ላይ መሸምደድ ያልቃል። አንዳንዴ እነሱ ሲከራከሩ እኔ ጥግ ይዤ ቆሜ «ምን አለ? ምን አለ?» እያልኩ ነው የምማረው። እትዬ፣ በዚህ ዓመት ሰውነቴ ከስቷል፤ ራሴን ግን በዚህ ዓመት ነው ያገኘሁት። ገና ማንበቢያ ክፍል እከፍታለሁ፣ ገበሬ ማኅበሩን እንጨት ለምኜ ለትንንሾቹም ወንበር አሠራለሁ። ሰው «ይሄ ልጅ አያርፍም» ይላል። አላርፍም!

ይታየሽ በደብዳቤሽ ጥግ በእርሳስ «አጎቴ፣ እዚያ ያሉት ልጆች እንግሊዝኛ ይችላሉ?» ብላ ጽፋልኛለች። ንገሪያት፤ እንደ እሷ አይችሉም። ግን ዘሀራ የምትባል አለች፣ የነጋዴው የያሲን ልጅ፣ ዘንድሮ ወደ ስድስተኛ አንደኛ ወጥታ ያለፈች። ቤቷ አማርኛ፣ ገበያ ኽምጣኛ፣ ከጨው ነጋዴዎቹ ጋር ትግርኛ ታወራለች። ስለ ይታየሽ ብነግራት «እንግሊዝኛውን ይዛልኝ ትምጣ፣ እኔ ኽምጣኛውን እሰጣታለሁ። ግን መጀመሪያ በሩጫ ትቅደመኝ» ብላለች።

አሁን ስለ ጋሽ ምንዋጋው። አንቺ ዝም ስትይ እኔም ዝም ብዬ ከረምኩ፤ ዘንድሮ ግን ዝምታው አፌ ውስጥ መረረኝ። መጀመሪያ «ቤት እስካገኝ ቆዩ» አላችሁ። ቀጥሎ «ዝናቡ ይውጣ» ሆነ። አሁን ደግሞ የትምህርት ቤት ነገር መጣ። ይህ ሰው ልጁ ስንተኛ ክፍል እንደሆነች ስንት ጊዜ እንደጠየቀሽ አንቺው ታውቂያለሽ፤ በአንድ ጊዜ የትምህርት ተቆርቋሪ ከየት መጣ?

ቤት የለም የሚለውን እኔ ዘግቼዋለሁ። የያሲን ባለቤት እትዬ ረሒማ ከሱቃቸው ጀርባ ያሉትን ሁለት ክፍሎች ልታከራይሽ ፈቅዳለች፤ ማድ ቤቱ ለብቻ ነው፣ ጓሮው ለጎመን ይበቃል። ሄጄ ስጠይቃት ከላይ እስከ ታች አየችኝና «ለማን ነው?» አለችኝ። «ለእህቴ፣ ለምንዋጋው ባለቤት» ስላት ሚዛኑን አስቀመጠች። ከዚያ «ትምጣ መምህር፣ ወላሂ ዛሬ ነገ ሳትል ትምጣ። ቤት በደብዳቤ አይጠበቅም» አለችኝ። ዋጋ እንኳ አልተነጋገርንም። ልጆቿን ጠርታ ክፍሎቹን ማስጠረግ ጀመረች።

እሱ ተጎሳቁሎ ይሆናል ብለሽ የምትጨነቂ ከሆነ አትጨነቂ። ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው፣ ኮሌታው እንደ ጠመኔ ነጭ ነው። «ማን ይተኩስልሃል?» ብለው «ራሴ» አለኝ። ይህ ሰው ካውያ በየት በኩል እንደሚያዝ ያውቅ እንደሆነ አንቺ ታውቂያለሽ። ደግሞ ለደብረ ታቦር የላክሽለትን ዳቦ ቆሎ ይዤ ማታ ከመሥሪያ ቤቱ ግቢ ብሄድ ዘበኛው ከበሩ መለሰኝ። «ልጄ፣ እዚህ የሚያድረው የልብስ ሣጥኑ ነው» አለኝ። «ታዲያ እሱስ?» ስለው «እኔ የምጠብቀው ሣጥኑን ነው» አለኝና ጋቢውን ተከናነበ። የሰማሁትን እንደሰማሁት ጻፍኩልሽ። አስተርጓሚ አይደለሁም። ዳቦ ቆሎውን ለዘበኛው ሰጠሁት፤ አትቆጪኝ።

እትዬ፣ አንቺ ስለ ትምህርት ቤት ጠየቅሽኝ፣ እኔም ስለ ትምህርት ቤት ነው የመለስኩልሽ። ማንም አንብቦ ሌላ ነገር ጻፈ ሊለኝ አይችልም። ይታየሽ እዚህ ብትመጣ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ትካፈላለች፣ ጫማዋ ይጨቀያል፣ እንግሊዝኛዋን እኔ ማታ ማታ እንዳይዝግ አደርጋለሁ። ግን አባቷ ባለበት አገር፣ በእናቷ ቤት፣ በአጎቷ ትምህርት ቤት ትማራለች። ከዚህ የሚበልጥ ጽጌረዳ ያለው አጥር ካለ አሳዩኝ። «ባሌ ይቆጣል» ካልሽ ይቆጣ። በእኔም ይቆጣ፤ ከአለቆቼ ያጣላኝ፣ እስከ ኒሯቅ ቆላ ድረስ ያዛውረኝ፣ እዚያም ልጆች አሉ። አንቺ ግን እንግዳ ሆነሽ አትምጪ። ድስትሽን፣ አልጋሽን፣ የሠርጋችሁን ፎቶግራፍ ከነመስተዋቱ ይዘሽ ነይ።

መንገዱን አስቤዋለሁ። ያሲን ከዕንቁጣጣሽ በኋላ ስኳርና ላምባ ሊያመጣ በጭነት መኪና ኮረም ይሄዳል። እናንተ ከደሴ በአውቶቡስ ኮረም ግቡ፤ ጋቢናውን ለአንቺና ለይታየሽ ይዞላችኋል፣ ዕቃው ከኋላ ከስኳሩ ጋር ይጫናል። ለብርዱ ወፍራም ነገር ልበሱ። መሸኛዋን ከደሴው ትምህርት ቤት ማኅተም አስመትተሽ መቀበል አትርሺ፤ የቀረውን ከጋሽ ወልደ ጻድቅ ጋር ጨርሻለሁ።

መስቀለ ክርስቶስ መንገዳችሁን ያቅና፣ ጉልበትሽን ያጽና፣ የምትረግጪውን ደጃፍ የአንቺ ያድርገው። እማዬን ጉልበቷን ሳሚልኝ። ይታየሽን ጉንጯን።

መልስሽን ቶሎ ጻፊልኝ፤ የምትነሡበት ቀን ያለባት አንዲት መስመር ትበቃኛለች። ግን በትምህርት ቤቱ አድራሻ፣ በስሜ ላኪው እንጂ በጋሽ ምንዋጋው መሥሪያ ቤት በኩል አይሁን፤ ያለፈው ደብዳቤሽ የደረሰኝ ተከፍቶ ነው። ለእሱ ቀኑን አትጻፊለት። ዕቃሽን ስታወርጂ ያይሻል።

ዕቃውን ለማውረድ ትከሻውን ያዘጋጀው
ታናሽ ወንድምሽ