የባልሽ ጠመንጃና የዘይባ ጉድጓድ

ለእህቴ ለዓለምዘውድ፣ አዲስ አበባ።

እንዴት ከርመሻል? ጉልበትሽስ? ከደመናው ቀድሞ ዝናብ የሚነግርሽ ያ ጉልበትሽ ዛሬም ይተነብያል? ወገብሽ፣ ዓይንሽ፣ ምላስሽ ደኅና ናቸው? ስለ ምላስሽ የጠየቅሁት ለወጉ ነው፤ እሱ እንኳ ታሞ አያውቅም። አንቺ ዘንድ ያለችው የልጅ ልጄ ወለተጊዮርጊስስ ንዝንዝሽን ቻለችው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን አለሁ። ሁለት ጥርስ ቀርቶኛል፤ እነሱም ተኳርፈው አይገናኙም።

ይህን የሚያደርስልሽ የጨው ነጋዴው ሳኒ ነው። እጅ በእጅ ስለሚሰጥሽ ነገሩን በስሙ እጠራዋለሁ፤ ልጅቱ ካነበበችልሽ በኋላ እሳት ውስጥ ጨምሪው። ዛሬ ስቀመጥ ስነሣ ነው የዋልሁት። ይህችን ወረቀት ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ወደ በር ሄጃለሁ።

ያለሁበትን ቤት አታውቂውም። ጎልማሶቹ ጫካ ከገቡ ወዲህ ሽፍታውም ባንዳውም በየጎጆው የቀረነውን ሽማግሌና አሮጊት እየዞረ ሲዘርፍ፣ ዘይባ የምትባል የመስቃን ሴት የሟች አባቷን ሰፊ ቤት ከፍታ ሰበሰበችን። እስላም ክርስቲያኑ አሥራ አንድ ነን። ደንቧ ከጣልያን ይብሳል። ብቻውን ከአጥር የሚወጣ የለም። ጋቢ ደርቦ ምድጃ ዳር የሚያንጎላጅ የለም። ዓይኑ ለጠፋው ለከማሉ ከመደቡ እስከ ጓሮ ገመድ ወጥራለታለች። ጧትና ማታ እንደ ጫጩት ትቆጥረናለች። አንድ ቀን ልፈትናት ብዬ ከጎታ ኋላ ብሸሸግ፣ አሥር ላይ ስትደርስ እሪ ብላ መንደሩን አስነሣችው። እየሳቅሁ ብወጣ አልተቆጣችኝም፤ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ቀድሞ አቤት የሚል እኔ ነኝ።

እንግዲህ ወደ ጉዱ ልግባ። ባልሽ ሸዋንግዛው ማይጨው ላይ ሲወድቅ ጓደኛው ያመጣልሽን ጠመንጃ፣ ልጄ ለአቅሙ እስኪደርስ ደብቅልኝ ብለሽ ሰጥተሽኝ የለ? ወደዚህ ስመጣ በሰሌን ጠቅልዬ፣ ለማንም ሳልናገር ይዤው ገባሁ። ጓሮ ቆጮ የሚቀበርበት ጉድጓድ አለ። በዚህ አገር እሱ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ አይጠጋውም። ወንድ በማይደርስበት ቦታ ጠመንጃ ማን ይፈልጋል ብዬ፣ በብልሃቴ እየተኩራራሁ፣ ሴቶቹ ገበያ በወጡበት ቀን ከሥር ቀበርሁት።

እኔ የላይ አገር ሰው፣ ከእንሰት የማውቀው መብላቱን ብቻ! ቆጮ አንዴ ከተቀበረ የሚተው መስሎኝ ነበር። ለካስ እየከፈቱ ያገላብጡታል፣ ቅጠሉን ይለውጡለታል። ለካስ ሲኮመጥጥ ብረት ይበላል። መጀመሪያ የነቃችው አሮጊቷ ፀዳለ ናት፤ ቆጮው ምስማር ምስማር አለኝ ማለት ጀመረች። ምስማሩ ያንቺው ጥርስ ነው እያልሁ ቤቱን ሁሉ አሳቅሁባት። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ጣልያኖች ገበያ ላይ አዋጅ አስነገሩ። እስከ ሚያዝያ ሃያ መሣሪያ ያስረከበ ምሕረት አለው፤ ከዚያ ወዲያ የተገኘበት ቤት ከነሰዎቹ ይቃጠላል። በማግሥቱ ዘይባ ቅጠል ልትለውጥ ጉድጓዱን ከፍታ አገኘችው። አልጮኸችም። ጠራችኝና፣ «አባባ አስረስ፣ ይሄ ምን የሚሉት እንሰት ነው? ሥሩ ብረት አወጣ» አለችኝ። የላይ አገር ዘር ነው፣ ቶሎ አይደርስም አልኋት። አልሳቀችም። የአንቺን አደራ ነገርኋት። እስክጨርስ ሰማችኝና፣ «የሞተ ሰው ጠመንጃ ነው አባባ፤ እነዚህ ግን ገና አልሞቱም» አለችኝ።

ጫካ ላሉት ልላከው ብዬ ነበር። ምላጩ ዝጎ አልሳብ አለ፤ አፈሙዙ ውስጥ ቆጮ ደርቋል። ቢተኮስ የሚያጠግብ እንጂ የሚገድል አይመስለኝም። ለመግደል የማይሆን፣ አሥራ አንድ ሰው ለማስቃጠል ግን የሚበቃ ነገር ታቅፌ መቀመጥ አልቻልሁም። ስለዚህ ትናንት ወደ ፈረሰው አሮጌ ጎጆዬ አሻገርሁት፤ ከዚያ ነው የማወጣው፣ የዘይባ ስም እንዳይነሣ። ሳኒ ወደ አንቺ መንገድ ሲጀምር እኔ ወደ ጣልያኑ ሰፈር እጀምራለሁ። ባለፈው ወር ሊያስረክብ ሄዶ ያልተመለሰ ሰው አለ ይባላል። ዘይባ ብቻህን አትሄድም ብላ በር ላይ ቆማለች። ከማሉ ደግሞ እኔ ልከተለው፣ ምንም አላየሁም ብዬ ብምል የሚጠረጥረኝ የለም ይላል። ማንንም አላስከትልም።

እህቴ፣ አደራሽን በላሁ፤ ይቅር በይኝ። ማንገቻውን ግን ከመቅበሬ በፊት ፈትቼ ወገቤን ታጥቄበት ነበርና ሳኒ ያስረክብሻል። ሸዋንግዛው ትከሻ ላይ የኖረው ቆዳ ነው፤ ዝገት አልነካውም። እኔ ሱሪዬን በቃጫ አስሬ ነው የምቀርብላቸው። እጅህን አንሣ ቢሉኝ አላነሣም፤ ሱሪዬን ማን ይይዝልኛል?

ወለተጊዮርጊስን ሳሚልኝ፤ ጽሕፈቴን አንብባ ብትስቅብኝ መርቄያታለሁ። ጎረቤትሽን ከድጄን፣ ሽማግሌው አሁንም ያገባሻል በያት። ለልጅሽ ለሽባባው ማንገቻውን ስትሰጪው፣ አባቱ ደረተ ሰፊ ስለነበረ የእሱ ቀዳዳ ለእኔ እንዳልሆነኝ ንገሪው። በወስፌ የበሳሁት፣ ጠማማው ቀዳዳ የእኔ የአጎቱ ነው፤ እንዳይደፍነው።

ወንድምሽ አስረስ
ቡታጅራ፣ ሚያዝያ ፲፱ ቀን ፲፱፻፴ ዓ.ም.