ከለንደን ቶኪዮ በቅል ላይ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 3 ቀን 1991

«መምህሩ ከለንደን ቶኪዮ ያለውን የበረራ ርቀት ካርታው ከሚያሳየው አሳጥረው፣ አውሮፕላኑም በሰሜን በኩል ጎብጦ ይበራል በማለት ተማሪዎችን ስላሳሳቱ፣ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ፤ እስከዚያው የዝውውር ደብዳቤያቸው እንዲያዝ ተወስኗል።»

ቃል በቃል ነው የገለበጥኩት። የትምህርት ቤታችን የግምገማ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ነው። አምስት ፊርማ አለበት። ከአምስቱ ጂኦግራፊ ያስተማረ የለም። እኔ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣሁ ጀምሮ ሌላ ሥራ አላውቅም።

በካርታው ላይ በማስመሪያ ከተሰመረ 11,300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እውነተኛው አጭር መንገድ 9,600። አውሮፕላኑ በሰዓት 800 ቢበር፣ አሥራ አራት ሳይሆን አሥራ ሁለት ሰዓት። ጠፍጣፋው ካርታው ነው እንጂ መሬት አይደለችም።

ባለቤቴ አልማዝ ደሴ ከተማ ውስጥ ነርስ ናት። ዝውውሩን ስድስት ዓመት ጠብቄዋለሁ። ደሴ ያለው ክፍት ቦታ የሚቆየው እስከ ወሩ መጨረሻ ብቻ ነው።

ረቡዕ፣ ግንቦት 4

ትምህርት ቤቱ ሉል የለውም። በምትኩ ቅል ልገዛ ገበያ ወረድኩ። ክብ መሆን አለበት። በሲባጎ ወገቡን ዙሬ እለካለሁ፣ በአናቱ በኩል አዙሬ እለካለሁ፣ ካልተካከለ እመልሳለሁ። ሰባት መለስኩ። ሻጯ ለጎረቤቷ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ አንድ ነገር ብላት ተሳሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብላ በአማርኛ፣

«መምህር፣ ቅል ነው የሚገዙት ሚስት ነው የሚመርጡት?»

«ሚስት አለችኝ።»

«ታዲያ ቤትዎ ቅል የለም?»

ስምንተኛውን ገዛሁ። ዙሪያው ሰማንያ ሴንቲ ሜትር፤ ስለዚህ አንዱ ሴንቲ ሜትር አምስት መቶ ኪሎ ሜትር። ማታውን የኬክሮስና የኬንትሮስ መስመሮቹን አሰመርኩበት፤ ለንደንንና ቶኪዮንም በነጥብ አመለከትኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 5

የኮሚቴው ሰብሳቢ ሲሳይ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ቅሉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩለት። ክሩን ከለንደን ቶኪዮ ራሱ ወጠረ። በአጭሩ መንገድ አሥራ ዘጠኝ ሴንቲ ሜትር ከትንሽ፤ በኮሚቴው መንገድ ሃያ ሁለት ተኩል። ደግሞ ለካ። ያው።

«ጋሼ፣ ልክ ነዎት» አለ። «ግን ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል። አንዲት ቃል ተናግረው ይገላገሉ። በነጋታው ደብዳቤዎን ይወስዳሉ።»

«የትኛዋን ቃል?»

«ተሳስቻለሁ።»

«በምን?»

ክሩን ቅሉ ላይ ጠቅልሎ መለሰልኝ።

ከሰዓት በኋላ ስልክ ቤት ተሰልፌ ለአልማዝ ደወልኩ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ቁጥሮቹን ጭምር።

«አንተ ሰው፣ ለንደን ቢቀርብ ቢርቅ ለእኔ ምኔ ነው? ከአንተ እኔ ጋ ሁለት ቀን ነው፣ እሱም አውቶቡስ ከተገኘ። ተሳስቻለሁ በላቸውና ና።»

መስመሩ ተቋረጠ። ወይም ዘጋችው።

እሷም ልክ ናት። የባሰ ያናደደኝ ይሄ ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 6

ሁለት ወረቀት ጻፍኩ። አንዱ ግለ ሂስ ነው፣ ሦስት መስመር። ግን ተሰልፈው የሚሰሙኝ እነዚያው ተማሪዎች ናቸው። ከዚያ በኋላ ፈተና ላይ ምን ብለው ይጻፉ? አጥፌ ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። አልቀደድኩትም።

ሌላውን፣ ለኮሚቴው የጻፍኩትን ማመልከቻ፣ ከቅሉ ጋር መዝገብ ቤት አስገባሁ። ጸሐፊዋ ቅሉን አገላብጣ አየችው።

«ይሄንንም ልመዝግበው?»

«መዝግቢው። ገጽ አንድ፣ ቅል አንድ።»

በቅጂዬ ላይ ማኅተም አስመታሁ። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦

«ቅሉ ከነክሩ ተያይዟል። አምስቱም ፈራሚዎች በየራሳቸው እጅ ለክተው፣ ያገኙትን ቁጥር ከፊርማቸው ትይዩ እንዲጽፉ፤ ቁጥሩ ከእኔ ጋር አንድ ከሆነም የዝውውር ደብዳቤዬ ስለምን እንደተያዘ እንዲገልጹልኝ እጠይቃለሁ። መልሱን እስከ ዓርብ ግንቦት 13 ቀን 1991 ድረስ በጽሑፍ እጠብቃለሁ። በቃል የሚነገረኝን አልቀበልም።»